የጉዲቱ ሰማንያ ቀን

የኮልፌ ሰው ምስጋና አይሰስትም፤ የሚያመሰግነውን ሰው ጠጋ ብሎ መጠየቅ ግን አይሆንለትም። ወተት ሻጯ ዋጋነሽ እሑድ እሑድ ነጠላዋን ተከናንባ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ትቀመጣለች። ዝናብም ቢዘንብ፣ ዓመት በዓልም ቢሆን፣ ከበሩ አልፋ አትገባም። ቅዳሴው ሲያልቅ ቀሚሷን አራግፋ ወደ ላሟ ትመለሳለች። ይህን የሚያይ ሰው ሁሉ «እንዴት ያለች ትሑት ናት፣ እኔ ለመግባት አልበቃሁም ብላ እኮ ነው» ይላል። አንዳንዶቹ ልጃቸው ሲታመም ጸልዪልን ይሏታል። እሷም እሺ ትላለች እንጂ አትጸልይም። ዋጋነሽ ትሑት አልነበረችም፤ የተቀየመች ሴት ነበረች። ቂሟንም እንደ አንድ ልጇ አቅፋ አሳድጋዋለች።

የተወለደችው ከአስኮ ማዶ፣ ወደ ቡራዩ በሚወስደው መንገድ ወረድ ብሎ ካለ የገበሬ ቤት ነው። ቤታቸው የሚነገረው ኦሮምኛ ነበር፤ አማርኛውን የለመደችው ገበያ ላይ ነው፣ ስትቆጣ ግን ምላሷ ወደ ኦሮምኛው ይሸሽባት ነበር። ነገሬ የሚባል ግንበኛ አግብቶ ኮልፌ ሲያመጣት ሰፈሩ ገና ግማሹ ሣር፣ ግማሹ ከተማ ነበር። ከታች በኩል የነጋዴዎቹ የሙስሊሞቹ ቤቶች፣ ከላይ ባሕር ዛፍና ቤተ ክርስቲያኑ። አባቷ ስትዳር የሰጣትን ላም እያለበች ጠዋት ጠዋት ወተት ለየቤቱ ታደርሳለች። የመጀመሪያ ደንበኛዋ ጎረቤቷ ሃጂራ ነበረች፤ ባሏ ሽኩር ጨውና አቡጀዲ የሚሸጥበት ሱቅ ነበረው። ሁለቱ ሴቶች በአጥር ላይ ተንጠራርተው ነው የሚያወሩት፤ በሃይማኖት ባይገናኙም በአማት ነገር ይግባባሉ።

የዋጋነሽ አማት ወለተጻድቅ ባላቸው ሲሞት ቆብ ጭነው መንኩሰዋል። ይሁን እንጂ ገዳም አልገቡም፤ ልጃቸው ቤት ገብተው ያስተዳድራሉ። ዋጋነሽ ስድስት ዓመት ሳትወልድ ስትቆይ ያልወሰዷት ጸበል፣ ያላስጠጧት ነገር የለም። በየመካከሉ «የእኔ ልጅ እንኳ ምንም የለበትም» ይላሉ፤ ለማን እንደሚሉት ባይናገሩም ቤቱ ውስጥ ከዋጋነሽና ከላሟ በቀር ሌላ ሴት አልነበረም፤ ላሟ ደግሞ በየዓመቱ ትወልዳለች።

በመጨረሻ እግዜር ሰማና መንታ ሰጣት። ሴቷ ቀድማ መጣች፤ ወንዱ ተከትሏት ወጣ። ሴቶቹ እንደ ወጉ ለሴቷ ሦስት ጊዜ፣ ለወንዱ ሰባት ጊዜ እልል አሉ። ነገሬ ወንዱን ገሜዳ ብሎ ሰየመው፤ ለሴቷ ስም ማውጣት ስለዘነጋ ዋጋነሽ ራሷ ጉዲቱ አለቻት። ያን ሰሞን ደስታዋ ወሰን አልነበረውም፤ አማቷ እንኳ «ልጄ» ብለው ጠርተዋታል።

ሥርዓቱ ደግሞ ይህ ነው። ወንድ በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። አዳም ገነት የገባው በአርባ ቀኑ፣ ሔዋን በሰማንያ ቀኗ ነው ይባላል፤ ምሳሌው ከዚያ ነው። ሔዋን ያን ሁሉ ቀን ደጅ ቆማ ምን እንዳሰበች የጻፈልን ሰው የለም። እናትየዋም ሴት ከወለደች ሰማንያው እስኪሞላ ከቤተ ክርስቲያን አትደርስም። ስለዚህ ከአንድ ማሕፀን በአንድ ሌሊት የወጡ ሁለት ልጆች፣ አንዱ ቀድሞ ክርስቲያን ይሆናል፣ ሌላዋ ትጠብቃለች። ሁለቱም ጤነኛ ቢሆኑ ይህን ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም ነበር።

የነፍስ አባታቸው ቤቱን ጸበል ሊረጩ በመጡ ጊዜ ጉዲቱ ደኅና ነበረች። ከዚያ በኋላ ነው ጡት አልይዝ ያለችው። ትይዛለች፣ ሁለት ሦስቴ ትስባለች፣ ደክሟት ትተወዋለች። ገሜዳ የራሱንም የእሷንም ጠጥቶ ጉንጩ ተነፋ፤ እሷ እጇ እንደ ጭራሮ ቀጠነ፣ እርግብግቢቷ ወደ ውስጥ ጎደጎደ። የኮልፌን ልጅ ሁሉ በወተት የምታሳድግ ሴት የራሷን ልጅ ማጥገብ አቃታት። በጥጥ እየነከረች ከንፈሯ ላይ ብታንጠባጥብላትም በጎን ይፈስሳል።

ሃጂራ አንድ ቀን ገንፎ ይዛ አራስ ልትጠይቅ ገብታ ልጅቷን ገልጣ አየቻት። ሃጂራ አምስት ወልዳ ሁለት የቀበረች ሴት ናት፤ ማባበል አታውቅበትም።

«ዋጋነሽ፣ ይህቺ ልጅ አልጠናችም» አለቻት። «እናንተ ዘንድ ሳትጠመቅ ከሞተች ቤተ ክርስቲያን አትቀበርም አይደል የሚባለው? ታዲያ ቄሳችሁን ጥሩዋ። ምን ትጠብቃላችሁ?»

ዋጋነሽን ያላስተኛትም ይኸው ነበር። ክርስትና ያልተነሣ ልጅ ከቅጥሩ ውጭ ነው የሚጣለው፤ ፍትሐት የለው፣ ስሙ በጸሎት አይነሣ። ትሞት ይሆናል የሚለውን ልቧ ከተቀበለው ቆይቷል። ያልተቀበለችው ሞታም ደጅ እንድትቀር ነው። ለታመመ ሕፃን ቄስ ቀን ሳይጠብቅ እንደሚያጠምቅ ሰምታለች፤ ግን አራስ ናትና ራሷ ሄዳ ማንኳኳት አትችልም። አማቷን ለመነቻቸው።

«እማማ፣ እባክዎ አባን ይጥሩልኝ። ጉዲቱ ታማብኛለች።»

ወለተጻድቅ መቁጠሪያቸውን አስቀመጡ። «ታማለች ብሎ ቄስ ቤት መጥራት ሞትን በስሙ መጥራት ነው። እናቴ ያደረገችውን አይቻለሁ፤ ቄሱ ከደጅ ሳይወጣ ልጁ ሄደ። ደግሞ የመንታ ነገር፣ አንዱ ላይ የጠሩት ወደ ሌላው ይዞራል። ገሜዳን እንድታሳጪን ነው?»

ነገሬንም ማታ ጠየቀችው። እሱም «ሟርትሽን ተይ። የመንታ አንዱ ሁሌም ትንሽ ነው፤ ትወፍራለች» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ይወዳታል፤ ስለሚወዳት ነው ሊያያት የፈራው። የፈሪ ፍቅር ደግሞ ለማንም አይጠቅምም።

ዋጋነሽ ከዚያ በኋላ አልለመነችም። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ የጨነቃት እናት ያሰበችውን ሰው ቢሰማው ይስቅባት ነበር። የገሜዳ አርባ ቀን ሲደርስ ሁለቱንም ልጆች አንድ ዓይነት ነጭ አለበሰቻቸው። ወንዱ ከቁርባን በኋላ መጥባት ስላለበት እሷም ሁለቱን ይዛ እስከ ቅጥሩ በር ድረስ መሄድ ተፈቅዶላታል። ጉዲቱን በነገሬ ጋቢ ደጋግማ ጠቀለለቻት፤ ቅለቷ እንዳያጋልጣት። አማቷ ጧፍ ይዘው ከነገሬና ከጎረቤታቸው ከብዙነሽ ጋር ቀድመው ገብተው ነበር። ብዙነሽ በሰማንያ ቀኑ ጉዲቱን ክርስትና የምታነሣ ሴት ነበረች። ጎሕ ሲቀድ ልጅ ሊቀበል ወደ በሩ የመጣው የገሜዳ የክርስትና አባት ነው፣ የነገሬ የሥራ ባልደረባ፣ ድንጋይ እንጂ ሕፃን ታቅፎ የማያውቅ ወንድ። ዋጋነሽ ጥቅሉን ሰጠችው።

«አቤት ሲከብድ፣ ጎረምሳ ነው» አለ ሊያስደስታት።

ሞኝ አልነበረችም። ሕፃን ራቁቱን እንደሚጠመቅ ታውቃለች፤ እንደሚደርሱባትም ታውቃለች። የተማመነችው አንድ ነገር ላይ ነው፤ ውሃው አፍ የደረሰችን ልጅ ማን ጨክኖ ይመልሳል ብላ ነው። ገሜዳ ይጠብቅ። እሱ ጠንካራ ነው፣ አርባ ቀን ቢጨመርበት ምንም አይሆንም፣ ደግሞ እንደሱ ላለው ሁሉም ቦታ ያገኝለታል። ቅጥሩ ሥር ተቀምጣ ልጁ እንዳያለቅስ ጡቷን አፉ ውስጥ ከታ ጠበቀች። ከውስጥ የዲያቆኑ ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ድምፁ ተቋረጠ፣ ረጅም ጊዜም ጸጥ አለ።

ወለተጻድቅ ወጡ። ጥቅሉን ጭኗ ላይ አስቀመጡላት።

«ቀኗን ትጠብቅ ተብሏል» አሉ። «ልጄን ስጪኝ።»

ገሜዳን ከጡቷ ላይ አላቅቀው ይዘው ገቡ። ዋጋነሽ ጋቢውን ገልጣ የጉዲቱን ፀጉር ዳበሰች፤ ደረቅ ነበር። ልጅቷ ዓይኗን ገልጣ አየቻት፣ ከብዙ ቀን በኋላ የመጀመሪያዋ ነው። «ኢንተላ ኮ» አለቻት፣ ልጄ ማለቷ ነው፤ ሌላ የምትላት ነገር አጣች።

የዚያን ቀን ድግስ ነበር። ሰው በላ፣ ጠጣ፣ ገሜዳን እየተቀባበለ መረቀ። ሴቶቹ ጓዳ ውስጥ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ልትጥል» እያሉ ሳቁ። ነገሬ እንግዳው እስኪወጣ ጠብቆ «በሰው ፊት አዋረድሽኝ። ቄሱ እምቢ ብለዋል፣ አበቃ፤ ሁለተኛ ይህን ነገር እንዳታነሺብኝ» አላት። ዋጋነሽም አመነችው። ቄሱ ያቺን አጥንቷ የወጣ ልጅ ራቁቷን አይተው፣ ሂጂ ቀንሽን ጠብቂ ያሉ መሰላት። በልቧ የረገመችውም እሳቸውን ነበር።

ጉዲቱ ቀኗን አልጠበቀችም። ሰማንያው ሊሞላ ገና ብዙ ሲቀረው፣ አንድ ጠዋት ዋጋነሽ ላሟን አልባ ስትመለስ ቀዝቅዛ አገኘቻት። ለሕፃን አይለቀስም ተብሎ ጎረቤት አልተጠራም። ነገሬና ያ ባልደረባው በቁራጭ አቡጀዲ ጠቅልለው፣ አካፋ ይዘው ወጡ። አቡጀዲውን ከሱቁ ቆርጦ በነፃ የሰጠው ሽኩር ነው። ከቅጥሩ ውጭ፣ ባሕር ዛፍ መሐል ነው የቀበሯት። ዋጋነሽ ልሂድ ብትል «አራስ ነሽ» አሏት። ሃጂራ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እናንተ ዘንድስ እንዴት ነው?» አለቻት ዋጋነሽ።

«እኛ ዘንድ ሕፃኑ ይታጠባል፣ ይከፈናል፣ ይሰገድበታል፣ ከሰው ጋር ይቀበራል» አለች ሃጂራ። ቀጥላም እንዲህ አለች፦ «እናትየው ግን እዚያ አትደርስም። ሁለቱን ልጆቼን ሲወስዱብኝ እኔም እንዲህ እቤት ተቀምጬ ነው። ወንዶቹ ሲመለሱ እጃቸውን ውሃ አስታጠብኩ።»

ነገሬም ሲመለስ እጁ አፈር ነበር። ዋጋነሽ ተነሥታ ውሃ አፈሰሰችለት።

እውነቱን ያወጣችው ብዙነሽ ናት፣ ያውም ላጽናናሽ ብላ። በሳምንቱ መጥታ «አይዞሽ፣ የተረፈውን ያሳድግልሽ» አለቻት። ቀጥላም «አባም እኮ ደግ ናቸው። ልጅቷን ባዩዋት ጊዜ፣ ታማለች እንዴ? ከታመመች አሁኑኑ እናጠምቃታለን፣ ሥርዓቱ ይፈቅዳል ብለው ነበር። ነገሬ ነው ጤነኛ ናት፣ እናትየዋ ተሳስታ ነው ያላቸው። ምን ያድርጉ?» አለች። ዋጋነሽ የብዙነሽን አፍ አየች። ውስጧ የሆነውን እኔ እዚህ ልጽፈው አልችልም፤ ልጁ የሞተበት ሰው ያውቀዋል፣ ሁለቴ የሞተበት ግን ጥቂት ነው።

ነገሬ ሲመጣ ጠየቀችው። ጮኻ አይደለም። ነገሬ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሲሚንቶ የበላውን እጁን ተመለከተ።

«ጓደኞቼ ሁሉ ቆመው ነበር» አላት። «ልጄ ልትሞት ነው፣ ሚስቴ ሰርቃ አስገባቻት ልበል? ደግሞ ታማለች ብዬ ከአፌ ካወጣሁት ይሆናል ብዬ ፈራሁ። ትድናለች ብዬ ነው፣ በእግዚአብሔር።» አለቀሰም። ዋጋነሽ ስታየው ሊያሳዝናት ይገባ ነበር፤ አላሳዘናትም።

ወደ አማቷ ዞረች። «እርስዎስ እማማ? በየቀኑ የሚያጥቧት እርስዎ አልነበሩም? አጥንቷን ያውቁት አልነበረም? አባ ሲጠይቁ ለምን ዝም አሉ?»

«እኔን አልጠየቁኝም» አሉ ወለተጻድቅ። «ወንዶች በሚነጋገሩበት ቤተ መቅደስ ሴት አፏን አትከፍትም ልጄ። ቆብ ብጭንም ሴት ነኝ።»

ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ ይላል ያገራችን ሰው፤ ይህን የተረተውም ወንድ መሆን አለበት። በዚያ ጠዋት ጉዲቱ መታመሟን የሚያውቁ ሦስት ሴቶች ነበሩ። አንዷ ሙስሊም ናትና እቤቷ ነበረች። አንዷ ውስጥ ሆና አፏን ዘጋች። አንዷ ደጅ ነበረች። ደጉ ቄስ የጠየቁት ማወቅ የፈራውን ሰው ነው።

ሰማንያው ቀን ሲሞላ ወለተጻድቅ «ዛሬ ነጽተሻል፣ እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን መግባት ትችያለሽ» አሏት። ዋጋነሽ ገላዋን ታጥባ፣ ነጭ ለብሳ ወጣች። ከበሩ ስትደርስ ግን እግሯ እምቢ አላት። እኔ የነጻሁት ከምንድን ነው? ከጉዲቱ ነው? እያለች ቆመች። ቆማ ቆማ ሲደክማት ተቀመጠች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከመሄድም አትቀር፣ ገብታም አታውቅ። ወደ ሌላ እምነት ልሂድ እንኳ አላለችም፤ ሃጂራን ጠይቃ ተረድታለች፣ የደጅ መቀመጫ እዚያም አለ።

ኑሮውን አላፈረሰችም። ለነገሬ አበሰለች፣ አጠበች፤ ሌላ ልጅ ግን አልወለደችለትም። ወለተጻድቅ ሲሞቱ በክብር ቅጥሩ ውስጥ ተቀበሩ፣ እሷም ንፍሮ ቀቅላ ለቀስተኛ አበላች። ገሜዳ አደገ። ጎበዝ፣ ድምፀ መልካም ልጅ ሆነ፤ እኒያው የነፍስ አባት ፊደል አስቆጥረው፣ ዳዊት አስደግመው ዲቁና አስቀበሉት። ዋጋነሽ ልጇን ትወደዋለች፣ ምንም ያደረገው ነገር የለም። ግን ነጭ ለብሶ ሲወጣ ስታየው ሁልጊዜ ከጎኑ አንድ ሰው የጎደለ ይመስላታል።

ገሜዳ መጀመሪያ የቀደሰ ዕለት ነገሬ በደስታ ሰክሮ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ገባ፤ ዋጋነሽ እንደ ልማዷ ውጭ ቀረች። የልጇን ድምፅ በቅጥሩ ላይ ሰማችው። ቅዳሴው አልቆ ሰው ከተበተነ በኋላ ቄሱ በትራቸውን ተመርኩዘው ወደ እሷ መጡ። አርጅተዋል፤ ዓይናቸውም ደክሟል።

«ዋጋነሽ ልጄ» አሏት፣ «ሰው ሁሉ ስለ ትሕትናሽ ይነግረኛል። ዛሬ ግን ልጅሽ መቅደስ ገብቶ አንቺ ደጅ መቅረትሽ ደስ አላለኝም። ትሕትናም ልክ አለው። ምንድን ነው የያዘሽ?»

ለማንም ተናግራው አታውቅም። ያን ቀን ለምን እንደተናገረች እሷም አታውቅም፤ ምናልባት የልጇ ድምፅ ይሆናል።

«መንታ እንደነበረ ያስታውሳሉ አባ?»

«አስታውሳለሁ። ልጆቹ በስሕተት ተለዋውጠው…»

«በስሕተት አልነበረም። እኔ ነኝ የላክኋት። ልትሞትብኝ ስለነበረ ነው። እዚያ ባሕር ዛፍ ውስጥ ናት።»

ቄሱ ወደ ባሕር ዛፉ ዞሩ።

«አባቷን ጠይቄዋለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ጤነኛ ናት አለኝ። ትንሽነቷን አይቻለሁ፣ የመንታ ነገር ነው ብዬ… ለምን ሰው ልከሽ አልነገርሽኝም?»

«እዚሁ ነበርኩ አባ። እዚህ ድንጋይ ላይ። ካጠመቁበት ቦታ እስከዚህ ቢጣሩ እሰማ ነበር።»

«መጥቼ መጠየቅ ነበረብኝ።»

«አዎ» አለች ዋጋነሽ።

ሽማግሌው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ክፉ ቢሆኑ ነገሩ ይቀላት ነበር። ከዚያ ማንም ያልጠበቀውን አደረጉ። የሰፈሩን ኃጢአት ሁሉ ሲሰሙ፣ ሲያስሩና ሲፈቱ የኖሩት እኚህ ቄስ በሚሰማ ድምፅ «ፍቺኝ ልጄ» አሉና አንገታቸውን ደፉላት።

ዋጋነሽ የተደፋውን ጥምጥም አየችው። እጇን ብታነሣ ይደርስበታል። አላነሣችም። ነጠላዋን አጣፋች፣ ተነሣች።

«እሱ የእናንተ ሥራ ነው አባ» አለቻቸው። «ሴት አትፈታም።»